ኮሎኔል ሃዞን፣ 2,509 ሰውና የእኛ መርካቶ

መርካቶ ውስጥ ዋጋው የማይታወቅ ነገር የለም። ምናለሽ ተራ የተጣመመ ሚስማር በኪሎ ስንት እንደሚሄድ፣ ሸማ ተራ ጥበቡ ከነመቀነቱ ስንት እንደገባ፣ በርበሬ ተራ ማረቆው በፈረሱላ ስንት እንደዋለ ይጠየቃል፤ ይነገራል። መንገድ ከጠፋችሁም ችግር የለም፤ አንዱ ደላላ እጃችሁን ይዞ ያደርሳችኋል። እስቲ ደግሞ ይቺን ጠይቁ፦ «ይሄን ሰፈር መርካቶ ያለው ማነው?» «ጣልያን ነዋ!» ይላችኋል ከአፋችሁ ቀበል አድርጎ። «ገበያውን ለምን እዚህ አመጣው?» ስትሉ ግን ጨዋታው ይቀዘቅዛል። አንዱ «ሰፊ ቦታ ስለነበረ» ይላል። ሌላው «ጣልያን ከተማ ማስዋብ ይወድ ነበር» ይላል። (ይቺን ሁለተኛዋን መልስ ከተማሩ ሰዎችም አፍ ሰምተናታል። ብዙ ጊዜ «መንገድ ሠርቶልን ሄደ» ከምትለዋ ጋር ተያይዛ ነው የምትመጣው።)

እኛም የዚችን ጥያቄ መልስ ስናሳድድ ሄደን ሄደን አንድ የፖሊስ አዛዥ ዘንድ ደረስን። ስሙ አዞሊኖ ሃዞን ይባላል። በ1929 ዓ.ም. ማዕረጉ ኮሎኔል፣ ሥራው በኢጣልያ ምሥራቅ አፍሪካ የካራቢኔሪዎች አዛዥ ነበር። ካራቢኔሪ ማለት ከወታደርም ከፖሊስም ወገን የሆነ የጣልያን ጸጥታ አስከባሪ ነው። ስለ ግራዚያኒ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም፤ በትምህርት ቤት ያልተማረ ከአያቱ ሰምቷል። ሃዞንን ግን ማንም አያነሳውም። የዛሬው ጽሑፋችን ስለ እሱ ነው።

ከገበያው እንጀምር። ድሮ የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ አራዳ ነበር፤ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ዛሬ ፒያሳ በምንለው አካባቢ። ባላገሩ ቅቤና ማሩን፣ እህልና ከብቱን ይዞ ይመጣል፤ አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ህንዱና ዐረቡ ሱቁን ከፍቶ ይጠብቃል። መኳንንቱ ከነአሽከራቸው፣ ደሃው ከነቁምጣው በአንድ መንገድ ይጋፋል። የፋሺስት ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1936) ከተማዋ ሲገባ ያልተዋጠለት ይኸው መደባለቅ ነው። ኢኛሲዮ ጉዊዲና ቼዛሬ ቫሌ የሚባሉ ሁለት ባለሙያዎች ለአዲስ አበባ አዲስ ማስተር ፕላን አወጡ። የፕላኑ አሳብ አጭር ነው፦ ነጭ ለብቻው፣ «አገሬው» ለብቻው። ገበያው ከአራዳ ተነቅሎ ወደ ምዕራብ ተገፋና «መርካቶ ኢንዲጄኖ» ተባለ፤ የአገሬው ገበያ ማለት ነው። ሰፈሩም አዲስ ከተማ። እንግዲህ «ሰፊ ቦታ ስለነበረ» አይደለም ማለት ነው። ዓላማው እናንተና እነሱ አንድ ሱቅ በር ላይ እንዳትገናኙ ነው።

ፕላን ደግሞ በወረቀት ላይ ማንንም አያፈናቅልም። የነጭ ሰፈር የተባለውን ከአገሬው ሰፈር የሚለይ፣ ሕግ ተላልፏል የተባለውን የሚይዝ ሰው ይፈልጋል። ሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 19 ቀን 1937) ሮም አንድ ሕግ አወጣች። ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ሲኖር የተገኘ ጣልያናዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ይታሰራል የሚል። መርካቶ የዚያ ሕግ ወንድም ናት፤ ያኛው በመኝታ ቤት ያለየውን ይቺኛዋ በገበያ ትለየዋለች። ሕጉ የወጣው ደግሞ አዲስ አበባ ከተቃጠለች ሁለት ወር ብቻ ቆይቶ ነው።

የካቲት 12ን ታውቁታላችሁ፤ ስለዚህ ዋና ዋናውን ብቻ እናንሳ። ዕለቱ ዓርብ፣ በዓሉ ሚካኤል ነበር። የኔፕልስ ልዑል መወለዱን ምክንያት በማድረግ ግራዚያኒ ለአዲስ አበባ ደሃ ምጽዋት ሊሰጥ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት (ዛሬ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ) ሕዝብ ሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የእጅ ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ ገላው በስብርባሪ ብረት ተበሳስቶ ሆስፒታል ገባ፤ የአየር ኃይሉ ጄኔራል ሊዮታ እግሩን አጣ። ቀጥሎ በግቢው በነበረው ሕዝብ ላይ ተኩስ ተከፈተ፤ ለምጽዋት የመጣው ሽማግሌና አካል ጉዳተኛ እዚያው ቀረ። በዚያው ምሽት የፋሺስት ፓርቲው የአዲስ አበባ ኃላፊ ጉዊዶ ኮርቴዜ ለጥቁር ሸሚዞቹ የሦስት ቀን ፈቃድ ሰጠ። ግደሉ፣ አቃጥሉ፣ ያሻችሁን አድርጉ ተባለ። ባለጎፈሬው ወታደር ብቻ አይምሰላችሁ፤ ሾፌሩም፣ ግንበኛውም፣ ሥራ ፍለጋ የመጣው ሰላማዊ ጣልያንም ዱላና ብረት ይዞ ወጣ። የሣር ቤቶች በቤንዚን ተቃጠሉ። ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም እሳት ተለኮሰበት። ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት የሞቱት 30,000 ናቸው አለ። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ኢያን ካምቤል እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመው መጽሐፍ ወደ 19,200 ይገምታል፤ ከከተማዋ ኢትዮጵያዊ ነዋሪ ከ17 እስከ 20 በመቶ መሆኑ ነው።

ስለ የካቲት 12 ሲወራ ብዙ ጊዜ ወሬው እዚህ ላይ ያበቃል፦ ሦስት ቀን። የሰከረ መንጋ፣ እሳት፣ ከዚያ ጸጥታ። የእኛ ኮሎኔል ታሪክ ግን ከዚህ ጸጥታ ነው የሚጀምረው።

ሙሶሊኒ ከተያዙት አንድም ሰው ያለ እሱ ትእዛዝ እንዳይፈታ፣ የተጠረጠረ ሁሉ እንዲረሸን ቴሌግራም ላከ። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የዱላና የቤንዚን ሥራ አይደለም፤ የቢሮ ሥራ ነው። ስም ዝርዝር ይወጣል፣ ሰው ይለቀማል፣ ይጠየቃል፣ ይረሸናል፣ ይመዘገባል። የተማሩ ወጣቶች፣ የሆለታ ካዴቶች፣ የጥቁር አንበሳ ማኅበር አባላት እየተፈለጉ ተገደሉ። ብዙዎች ሶማሊያ ወደሚገኘው የዳናኔ እስር ቤት፣ መኳንንቱ ደግሞ ወደ ጣልያን በመርከብ ተጋዙ። የዚህ ሁሉ መልቀም ዋና እጅ ካራቢኔሪ ነው።

ከተለቀሙት ውስጥ አንደኛው ወገን እኛን ከሁሉም በላይ አስገርሞናል። ግራዚያኒ ጠንቋዮችን፣ ባሕታውያንን፣ ትንቢት ተናጋሪዎችንና አዝማሪዎችን ሰብስባችሁ አጥፉልኝ ብሎ አዘዘ። መጋቢት 10 ቀን 1929 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 19 ቀን 1937) ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም እስከዚያ ቀን ሰባ ያህሉ ተለቅመው መወገዳቸውን ይገልጻል። አዝማሪ! ክራርና ማሲንቆ የያዘ ሰው! ምክንያቱ ግን ቂል አይደለም። እነዚህ ሰዎች ከገበያ ገበያ፣ ከጠጅ ቤት ጠጅ ቤት እየዞሩ የጣልያን ዕድሜ አጭር ነው እያሉ ያወራሉ፤ ሕዝቡም ይሰማቸዋል። ሬዲዮ ለብዙው ሰው ባልደረሰበት አገር ዜና የሚሄደው በእነሱ አፍ ነው። ጋዜጠኝነት ተምረን ስለወጣን ይሁን አናውቅም፣ ይቺን ትእዛዝ ስናነብ የተሰማን የሙያ ባልደረቦቻችን እንደተረሸኑ ነው።

በነገራችን ላይ በዚያን ጊዜ ከተማዋ ውስጥ ዲፕሎማና መታወቂያ ያለው እውነተኛ ጋዜጠኛም ነበረ። ቺሮ ፖጂያሊ ይባላል፤ የ«ኮሪየሬ ዴላ ሴራ» ዘጋቢ። የካቲት 12ንና ከዚያ በኋላ ያለውን በዓይኑ አየ፤ ሰላማዊው ጣልያን በዱላና በብረት ሲቀጠቅጥ፣ ጎጆ ከነሰዉ ሲቃጠል አየ። በማስታወሻ ደብተሩም ሳይሸሽግ ጻፈው። ለጋዜጣው አንባቢዎች ግን ይህን አልነገራቸውም። ደብተሩ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ ከ34 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ሳንሱር ነበረ፣ እናውቃለን። ለታሪክ ስላቆየልንም እናመሰግነዋለን። ግን ልብ በሉ፦ ያየውን በገበያ መሐል ጮሆ የተናገረው ባለማሲንቆ ተረሸነ፤ ያየውን በመሳቢያው የቆለፈው ዘጋቢ ደሞዙን እየበላ ኖረ። ትምህርት ቤት ይቺን ምሳሌ ማንም አላስተማረንም።

ግንቦት 12 ቀን ደግሞ (እ.ኤ.አ. ሜይ 20 ቀን 1937) ደብረ ሊባኖስ። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም የሚከበርበት ቀን ስለሆነ ገዳሙ በእንግዳ ተሞልቶ ነበር። የጄኔራል ማሌቲ ጦር ከበባቸው። ግራዚያኒ ለሮም ያስተላለፈው ቁጥር 297 መነኮሳት፣ ጥቂት ቀን ቆይቶ ደግሞ 129 ዲያቆናት የሚል ነው። ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ከዘመናት በኋላ ከአካባቢው ሰው ጠይቀውና ቦታውን አይተው ያወጡት ግምት ግን ከ1,400 እስከ 2,000 በላይ ይደርሳል። ይህን ልዩነት ያዙልን። በቴሌግራም የተጻፈው ቁጥር የሞተው ሰው ሁሉ ቁጥር አይደለም፤ ጸሐፊው ሊቆጥረው የፈለገው ነው።

አሁን ወደ ሃዞን። ግንቦት 25 ቀን 1929 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 2 ቀን 1937) ኮሎኔሉ ለበላዮቹ ሪፖርት አቀረበ። በሪፖርቱም ካራቢኔሪዎች ብቻቸውን እስከዚያ ቀን 2,509 አገሬዎች መረሸናቸውን ገለጸ።

«ወደ 2,500 ገደማ» አላለም። ሁለት ሺህ አምስት መቶ ዘጠኝ ነው ያለው። የሠራዊቱ የገደለው፣ የጥቁር ሸሚዞቹ የገደለው፣ ደብረ ሊባኖስ ላይ ማሌቲ የፈጀው እዚህ ውስጥ የለም፤ ይህ የአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ነው። የንብረት ክፍል ኃላፊ በሰኔ መጨረሻ ገቢና ወጪውን እንደሚያወራርደው ሃዞንም ሰዉን አወራረደው። ሦስት ቀን ሙሉ ያበደውን መንጋ «አብዶ ነው» ልንለው እንችል ይሆናል። 2,509ን የጻፈው እጅ ግን አላበደም። ቁጭ ብሎ፣ ደምሮ፣ ፈርሞ ልኮታል። ከግራዚያኒ ይልቅ ሃዞን እንቅልፍ የነሳን በዚህ ነው።

ይህ ዓይነቱ ሒሳብ በኢትዮጵያ ብቻ አልቀረም። አራት ዓመት ቆይቶ ጀርመኖች ሶቭየት ኅብረትን ሲወሩ የጸጥታ ፖሊሶቻቸውን ከጦሩ ኋላ አስከትለው ነበር። ኪየቭ አጠገብ ባቢ ያር በሚባለው ሸለቆ እ.ኤ.አ. መስከረም 29 እና 30 ቀን 1941፣ በሁለት ቀን ውስጥ አይሁዶችን ፈጁና ለበርሊን ቁጥሩን ጻፉ፦ 33,771። እዚህም «ገደማ» የለም። ከዚያ ጭፍጨፋ ጋር ስሙ የሚነሳው ክፍል ዞንደርኮማንዶ 4ሀ ይባላል። በቀጣዩ ዓመት በ1942 መጀመሪያ የክፍሉ አዛዥ ሆኖ የመጣው ማን ይመስላችኋል? ሐኪም! ዶክተር ኤርቪን ቫይንማን። ቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማረ፣ ነጭ ጋውን ለብሶ በሽተኛ ያየ ሰው ነው። ጋውኑን አውልቆ የስለላና የጸጥታ ፖሊስ ገባ፤ ከዩክሬን በኋላም ፕራግ ተሹሞ እስከ ጦርነቱ ማብቂያ የጸጥታ ፖሊስ አዛዥ ሆኖ ቆየ። በ1945 ጠፋ። በ1949 የጀርመን ፍርድ ቤት «ሞቷል» ብሎ አወጀና ፋይሉ ተዘጋ። አንድም ቀን ዳኛ ፊት አልቆመም።

ሐኪም እንዴት እንዲህ ይሆናል? ብለን ለመገረም ስንዘጋጅ የራሳችን ከተማ ሐኪሞች ትዝ አሉን።

በየካቲት 12 ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ ሻሽካ ላስሎ የሚባል ሀንጋሪያዊ ሐኪም ይኖር ነበር። ነጭ ነው፣ አውሮፓዊ ነው፣ በሩን ዘግቶ ቢቀመጥ የሚነካው የለም። እሱ ግን ያየውን ያዘ። ከአገር ከወጣ በኋላ ላዲስላስ ሳቫ በሚል ስም ሲልቪያ ፓንክረስት ለንደን በምታዘጋጀው «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» ላይ እ.ኤ.አ. በ1940 አወጣው። የኮርቴዜን የሦስት ቀን ፈቃድ፣ የቤንዚኑን እሳት፣ አስከሬን የጫኑትን ካሚዮኖች ዓለም በዝርዝር ከሰማባቸው ምስክርነቶች አንዱ የእሱ ነው። ባለሙያ ጋዜጠኛው በመሳቢያ የቆለፈውን ባለመርፌው አተመው ማለት ነው። (ለሙያችን ክብር ስንል ይቺን በቅንፍ እናልፋታለን።)

ሌላው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው፤ በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ። በልጅነታቸው በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ እንግሊዞች አግኝተዋቸው ህንድ ወስደው አሳደጓቸው፤ ሐኪም ሆነው ተመለሱ። ጣልያን ሲገባ ለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ። ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም እንግሊዝ አገር የተማሩ ወጣቶች ነበሩ፤ አገር ቤት ቀርተው ከየካቲት 12 በኋላ በተደረገው ልቅምት ሁለቱም ተገደሉ። ሽማግሌው አባት መርዶውን በሰው አገር ሰሙ።

የጥቁር አንበሳ ማኅበር መሪም «ዶክተር» ነበሩ፤ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ። በ1928 ክረምት ወለጋ ላይ የተሰባሰቡት እነዚህ ወጣቶች ጫካ ውስጥ ሆነው ለራሳቸው ደንብ አወጡ። ደንቡ ገበሬውን አታንገላቱ፣ የተማረከ ጠላትንም አታሠቃዩ ይላል። እንግዲህ በአንድ ዘመን ሁለት ዶክተሮች መሣሪያ አነሱ። አንዱ ምርኮኛ እንዳይነካ ደንብ ሲያወጣ ሌላው ምርኮኛውን በሺህ እየቆጠረ ይረሽን ነበር። ማዕረጋቸው ስለ ማንነታቸው የሚነግረን ነገር የለም። ስለዚህ «የተማረ ሰው እንዴት…» የምትለዋን ጥያቄ ተውናት።

ኮሎኔላችን መጨረሻው ምን ሆነ? አደገ። ጄኔራል ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1943 የመላው የጣልያን ካራቢኔሪ ዋና አዛዥ ተደረገ። በዚያን ጊዜ ጦርነቱ ወደ ጣልያን ቤት ገብቶ ነበርና ንጉሡ ሙሶሊኒን አስይዘው ለመገላገል በምስጢር ይመክሩ ነበር። እንዲይዘው ከታሰቡት አንዱ ማን ነበር? ሃዞን! ያ 2,509ኙን የጻፈው ሰው ሙሶሊኒን ያሰረ ጀግና ተብሎ ታሪክ ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። አልሆነለትም። ሐምሌ 12 ቀን 1935 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 1943) የአሜሪካ አውሮፕላኖች ሮምን ሲደበድቡ የተመታውን ሰፈር ለማየት በመኪና ወጣና በቦምብ ተገደለ። ሙሶሊኒ የታሰረው ከስድስት ቀን በኋላ፣ በተተኪው በጄኔራል ቼሪካ ካራቢኔሪዎች ነው።

አሥራ ሁለት ቀን እንግዲህ ሚካኤል ነው። የካቲት 12፣ ግንቦት 12፣ ሐምሌ 12። አያቶቻችን ቢሆኑ ከዚህ ብዙ ነገር ያነቡ ነበር፤ እኛ የቀን መቁጠሪያ ገጠመኝ ነው ብለን እናልፈዋለን። (ሙሉ በሙሉ ግን አላለፍነውም፤ ባናልፈው ኖሮ ለምን እንጽፈዋለን?)

የጣልያን ታሪክ ሃዞንን የሚያስታውሰው በአየር ድብደባ የሞተ የሥራ ሰው አድርጎ ነው። ፍርድ ቤቱስ? ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1948 ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን የአሥር ሰው ዝርዝር አቀረበች። ባዶሊዮ፣ ግራዚያኒ፣ የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ ሌሶና፣ ጉዊዶ ኮርቴዜ፣ ፒርዚዮ ቢሮሊ ይገኙበታል። ሃዞን ሞቷልና ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ግን ቢኖርስ ምን ይለወጥ ነበር? ከአሥሩ አንድም ሰው ለኢትዮጵያ ተላልፎ አልተሰጠም። እንግሊዝ አልፈለገችም፤ ቀዝቃዛው ጦርነት እየመጣ ነበርና ጣልያን ታስፈልግ ነበር። ግራዚያኒ እ.ኤ.አ. በ1950 የ19 ዓመት እስር ተፈረደበት። ስለ አዲስ አበባ ወይም ስለ ደብረ ሊባኖስ እንዳይመስላችሁ፤ ከጀርመኖች ጋር ስለተባበረ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ወጣ፤ በ1955 በአልጋው ላይ ሞተ። እ.ኤ.አ. በ2012 አፊሌ በምትባል የጣልያን ከተማ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ሠሩለት። ሐበሻውም ጣልያኑም ጮኸ፤ የተሠራው ግን ተሠራ።

ካሳ ተከፍሏል፤ ቆቃ ግድብ የካሳው ገንዘብ ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ተመርቆ መብራት ሰጥቶናል። ቁጥር በቁጥር ተወራረደ ማለት ይቻላል፤ ለእኛ ግን 2,509 በኪሎዋት ስንት እንደሚሆን ማስላት አልሆነልንም።

«ቆይ፣ ዝም ብላችሁ ጣልያን ላይ ብቻ?» የሚል አንባቢ አይጠፋምና እሱንም እንንካ። የራሳችንም ሰው ስም ዝርዝር አውጥቶ በራሳችን ልጆች ላይ ፈርሟል። በ1970 ዓ.ም. ነሐሴ ደብረ ማርቆስ ውስጥ 75 እስረኞች ተገደሉ። በጎጃም የደርግ ተጠሪ የነበረው እሸቱ ዓለሙ ኔዘርላንድስ ገብቶ፣ ዜግነት ወስዶ በሰላም ሲኖር ቆየ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 የሄግ ፍርድ ቤት ዕድሜ ልክ ፈረደበት፤ በ2022 ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን አጸናው። ወደ አርባ ዓመት ቆይቶም ቢሆን አንድ ዳኛ «ይህ ፊርማ ያንተ ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀው። ይቺን ጥያቄ ነው ሃዞን ሳይጠየቅ የሞተው፤ ዶክተር ቫይንማንም፣ ኮርቴዜም እንዲሁ።

ወደ መርካቶ እንመለስ፤ ሱቁ ሳይዘጋ። ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ገበያው ወደ አራዳ አልተመለሰም። ሰው እዚያው ቀረ፤ ግን «ኢንዲጄኖ» የምትለዋን ቃል ጣላት። ማንም አዋጅ አላወጣም፣ ኮሚቴም አልተቋቋመም። ዝም ብሎ «መርካቶ» አለና ቀጠለ። ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ዶርዜው፣ ዐረቡ፣ ሐረሬው፣ አማራው፣ ኦሮሞው ተጋፋባት። ጣልያን አራዳ ላይ ያፈረሰው መደባለቅ እሱ ራሱ በከለለው አጥር ውስጥ በእጥፍ በቀለበት። እኛ መርካቶን የምንወዳት ለዚህ ነው፤ ሠሪዋ ያሰበውን ሳትሆንለት ስለቀረች።

ፒያሳ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ካዛንቺስ ደግሞ በ2017 በኮሪደር ልማት ፈራርሰው ሌላ መልክ ይዘዋል። የጣልያን ስም ያላቸው ሰፈሮች ናቸው፤ «ይፍረሱ፣ የጠላት ናቸው» የሚልም አለ፣ «ታሪክ ጠፋ» ብሎ የሚያለቅስም አለ። በሁለቱም በኩል ስሙን ስለሰጠው ሰው ሲወራ እንሰማለን፤ አራዳ ገበያ ላይ ማሲንቆውን እንደያዘ ስለተለቀመው ሰው ግን አልሰማንም። ከፒያሳ ወደ መርካቶ ስንወርድ አቡነ ጴጥሮስ ቆመዋል፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በካራቢኔሪ ጥይት የወደቁት። ሐውልታቸው በ2005 ለባቡሩ ሲባል ተነስቶ በ2008 ተመልሷል። ከእሳቸው አልፎ፣ ቁልቁል ወደ ሰባተኛና ወደ አመዴ፣ ወደ ሚሊተሪ ተራና ወደ ሸማ ተራ ስትገቡ ግን ሰፈሩ ለምን እንደተከለለ የሚናገር አንዲት የድንጋይ ሰሌዳ አላየንም።

በየዓመቱ የካቲት 12 ቀን ጠዋት ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ሥር የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፤ አባት አርበኞች ጎፈሬያቸውንና ሜዳይ ሞልቶ የተርፈረፈ ካፖርታቸውን ለብሰው ይሰለፋሉ። መርካቶ በዚያ ቀን ሱቅ አይዘጋም፤ የሥራ ቀን ነው። ከአውቶቡስ ተራ ስድስት ኪሎ ግን ሩቅ አይደለም፤ በአንድ ታክሲ፣ ቢበዛ በሁለት ይደረሳል።